የባንኳሌን ዘንባባ ድሬዳዋ ብንተክለው ይድናል? አንድ ክርና 29 መልሶቹ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ነገሩን በጥያቄ መልክ ቢያቀርበውም፣ መልሱን አስቀድሞ ይዞ እንደመጣ ከአጻጻፉ ያስታውቅ ነበር። ጅቡቲ ውስጥ፣ ከታጁራ በስተምዕራብ ባለው የጎዳ ተራራ ሸለቆዎች፣ የባንኳሌ ዘንባባ የሚባል ዛፍ አለ ብሎ ጀመረ። የሳይንስ ስሙ ሊቪስቶና ካሪኔንሲስ ነው። ዘመዶቹ በሙሉ ከአውስትራሊያና ከእስያ ሳይወጡ እሱ ብቻውን እዚህ ቀርቷል። ከጅቡቲ ሌላ የሚታወቀው በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያና በየመን ሐድራሞት ነው፤ በሦስቱም ቦታ ምንጭ ያለበትን ጠባብ ሸለቆ ተጠግቶ ይኖራል። ሐሳቡ አጭር ነበር፦ አንድ ጆንያ ዘር ይምጣ፣ ድሬዳዋና ሰመራ ችግኝ ይፈላ፣ በአረንጓዴ አሻራ ይተከል። ጎረቤት ያለ ዛፍ ዓይናችን እያየ ከሚጠፋ እኛ ብናሳድገው ምን ይከፋል ሲል ጨረሰ።

የመጀመሪያው መልስ የጨዋ ነበር። ርዕሱን ስላነሳው አመሰገነና ሁለት ነገር አከለ። አንደኛ፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዛፉን እ.ኤ.አ. በ1998 ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት መደብ አስገብቶታል። ሁለተኛ፣ የሚያጠፋው ምን እንደሆነ ሳይለይ መድኃኒቱን መምረጥ አይቻልም፤ መጥረቢያ ነው? ፍየል ነው? ውኃ ነው? ጎርፍ ነው? ክር ከፋቹ ይህንን እንዲመልስ በትሕትና ጠየቀ። ጥያቄው እስከ 7ኛው መልስ ድረስ ሳይመለስ ቆየ፤ በመሐል ውይይቱ ወደ ስም ዞረ።

2ኛው ጸሐፊ ሊቪስቶና የሚለው ስም አሳሹን ዴቪድ ሊቪንግስተንን ለማክበር የወጣ መሆኑን አስረግጦ ጻፈ። 3ኛው ደግሞ በሦስት መስመር አረመው። ወገኑን፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበትን ቡድን፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ሮበርት ብራውን የሰየመው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው፤ አሳሹ ያኔ ገና አልተወለደም። ስሙ የተወሰደው ስኮትላንድ ውስጥ ሊቪንግስተን የተባለ ርስትና የአትክልት ቦታ ከነበረው ከፓትሪክ መሬይ ነው። ካሪኔንሲስ የሚለው ቅጥያ ግን የራሳችን ቀጠና ነው፤ ሶማሊያ ውስጥ በባሪ አካባቢ ካለው ካሪን የመጣ ነው። 2ኛው ጸሐፊ አመስግኖ ወጣ፤ በመድረክ ላይ ብዙ የማይታይ ነገር ነው።

4ኛው መልስ ፎቶ ይዞ መጣ። አፋር ውስጥ ከፍል ውኃ ዳር የተነሳ ዘንባባ ነበርና ዛፉ እኛም ዘንድ አለ የሚል ደስታ አብሮት ነበር። ደስታው ብዙ አልቆየም። 5ኛው ጸሐፊ መለያውን አንድ በአንድ አስቀመጠ፤ ከክሩ ሁሉ ቶሎ ለሥራ የሚውለው ክፍል ይህ ይመስለኛል። በፎቶው ላይ ያለው ዱም ነው አለ፤ በአዋሽ ፓርክ በፍልውኃ የሚታየው ማለት ነው። የዱም ግንድ ሹካ ሆኖ ይከፈላል፣ ቅርንጫፉም እንደገና ይከፈላል፤ የባንኳሌው ግንድ ግን አንድ ነው፣ ቀጥ ብሎ እስከ 20 ሜትር ይወጣል፣ አይከፈልም፣ ከሥሩም አያቆጠቁጥም። የዱም ፍሬ በእጅ የሚጨበጥ ትልቅ ነው፤ የባንኳሌው ትንሽ ድቡልቡል ነው። ዱም ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ የባንኳሌው አበባ ግን ሁለቱንም ጾታ ይዟል። የባንኳሌው ቅጠል ማራገቢያ የሚመስል ሆኖ ጫፉ ተሰንጥቆ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ የቅጠሉ ዘንግ ግራና ቀኝ ጠንካራ ቆልማማ እሾህ አለው። በጋምቤላ ቆላ የሚታየው ረጅሙ ዘንባባ ቦራሰስ ነው፣ በደቡብ ምዕራብ የወንዝ ዳር ደን ያለውና ለሆሳዕና የሚቆረጠው ደግሞ ፊኒክስ ሬክሊናታ ነው። ሁሉንም በአንድ ቃል ዘንባባ እያልን እስከጠራን ድረስ እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት አይቀርም ሲል አሳሰበ። የባንኳሌው ዓይነት ኢትዮጵያ ውስጥ በዱር በቅሎ አልተመዘገበም።

6ኛው መልስ ፎቶ ያመጣውን ሰው ለማጽናናት የመጣ ይመስላል። በዚህ ዛፍ የተሳሳተው እሱ የመጀመሪያው አይደለም አለ፤ ጣሊያናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኪዮቬንዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1929 ዛፉን ሲገልጸው ከዱም ወገን ቆጥሮት ሃይፊኒ ካሪኔንሲስ ብሎታል። በ1943 ቡሬት የተባለው ጀርመናዊ አውጥቶ ዊስማኒያ በሚል ለብቻው ወገን አደረገው፤ አሁን ያለበት ቦታ ያገኘው በ1983 ድራንስፊልድና ኡል ወደ ሊቪስቶና ሲያዛውሩት ነው። አሮጌ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ሦስቱንም ስም ካልፈለገ ዛፉን በከፊል ብቻ ነው የሚያገኘው።

ከዚህ በኋላ ነው ቁም ነገሩ የመጣው። 7ኛው መልስ ረጅም ነው፤ በ1ኛው ጸሐፊ ጥያቄ ጀምሮ ክር ከፋቹን በቀጥታ ይሞግታል። ሸለቆው ውስጥ ቆሞ ሽቅብ ለሚያይ ሰው ዛፎቹ ጤነኛ ናቸው፣ ያፈራሉም፤ ችግሩ የሚታየው ወደ መሬት ሲያዩ ነው አለ። ዘሩ ይወድቃል፣ እርጥበት ያገኘው ይበቅላል፣ ከዚያ ይጠፋል። የችግኙ የመጀመሪያ ቅጠሎች እንደ ሣር ቀጭን ናቸው፤ ማራገቢያም እሾህም የላቸውም። በደረቅ ወራት በሸለቆው ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ያ ብቻ ነውና ፍየል መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ላይ ነው። ዘንባባ ደግሞ እንደ ግራር አይደለም፤ የሚያድግበት ነጥብ አንድ ነው፣ መሐሉ ላይ ያለው ልቡ። የግራር ቀንበጥ ቢበላ ከጎን ያቆጠቁጣል፤ የዘንባባ ልብ ከተበላ ግን አለቀ። ችግኙ ከፍየል ቢተርፍ የክረምት ደራሽ ጎርፍ ይጠርገዋል፤ ከዳገቱ ላይ ሣርና ቁጥቋጦ ስለተመናመነ ጎርፉ ድንጋይ ይዞ ነው የሚወርደው። ከጎርፍ ቢተርፍ ምንጩ በቱቦ ተጠልፎ ወደ ጓሮ ይሄዳል። እንግዲህ ዛሬ የቆሙት ትላልቆቹ ከዚህ ሁሉ በፊት የበቀሉ ናቸው፤ አንዱ በጎርፍ ሲገነደስ ወይም ለቤት ማዋቀሪያ ሲቆረጥ የሚተካው የለም። የዘር እጥረት የለም፤ ከጆንያ የሚበልጥ ዘር በየዓመቱ እዚያው ይረግፋል። የጠፋው ቡቃያው ያለ ንክኪ የሚያልፍባቸው ዓመታት ናቸው። ስለዚህ ዘሩን ድሬዳዋ መውሰድ ጎዳ ላይ ያለውን አንድም ችግር አይነካም ብሎ ደመደመ።

8ኛው ጸሐፊ በጠቅላላው ተስማምቶ ስለ ውኃው አረመ። ቱቦው ራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰዎቹም ማንጎና ቴምር ማጠጣት አለባቸው። ክፉው ቱቦው ቀንና ሌሊት ክፍት መሆኑ ነው፤ ማጠራቀሚያው ሞልቶ በላዩ ሲፈስ ውኃው ከምንጩ በታች ላለው ሸለቆ ሳይሆን ለዐለት ይቀራል። ማጠራቀሚያው ላይ ሲሞላ ራሱን የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መዝጊያ ቢገባ ትርፉ ውኃ ከምንጩ ተመልሶ በተፈጥሮ መንገዱ ይወርዳል። ያ ካልሆነ ደግሞ የትርፉ መውጫ በአንድ ክንድ ቱቦ ተቀጥሎ ወደ ዛፎቹ ሥር ይዙር። ዋጋው ከአንድ ጥቅል የአጥር ሽቦ ያንሳል።

9ኛው የተራራውን ላይኛ ክፍል አነሳ፤ የዳይ ደን የጥድ ዛፎች በብዛት ቆመው ደርቀዋል፣ በዓለም ላይ እዚያ አካባቢ ብቻ የምትገኘው የጅቡቲ ቆቅም ከመጥፋት አፋፍ ከደረሱት ተቆጥራለች። ግጦሹም ድርቁም አንድ ነውና ዘንባባውን ነጥሎ ማየት አያዋጣም የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ማንም ግን አልቀጠለበትም።

በ10ኛው ላይ ክር ከፋቹ ተመለሰ። ድምፁ ትንሽ ሻክሯል። ፍየል ከሸለቆው እስኪወጣ ከተጠበቀ ዛፉ ያልቃል፤ ቢያንስ ሌላ ቦታ መጠባበቂያ ቢኖር ምን ይጎዳል? ፍሎሪዳ ውስጥ ሰብሳቢዎች ሲያሳድጉት ድሬዳዋ ለምን ይከለከላል? ደግሞም ማንም ሰው እንዴት እንደሚፈላ እስካሁን አልነገረኝም አለ።

ይህን ሲል ሳያውቀው የክሩን ምርጥ ክፍል ከፈተ። 11ኛው ጸሐፊ የችግኝ ጣቢያ ሰው መሆኑ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያስታውቃል። ለሊቪስቶና ወገን በጥቅሉ የሚሠራውን ቅደም ተከተል አስቀመጠ። ፍሬው ሲጠቁርና በራሱ ሲረግፍ ይለቀም፤ ከዘለላው ላይ ተመልምሎ የሚወርድ ጥሬ ፍሬ አይበቅልም። ሥጋው በዚያው ሳምንት በውኃና በሻካራ አሸዋ ታሽቶ ይውጣ፤ ከተተወ ይፈላና ሻጋታ ይጠራል። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ የዘንባባ ዘር እንደ ስንዴ አይደለም፣ ክው ብሎ ከደረቀ ይሞታል። ከዚያ 3 ቀን በውኃ ይዘፈዘፍ፣ ውኃው በየቀኑ ይቀየር። ግማሽ ሻካራ አሸዋና ግማሽ የተብላላ ኮምፖስት ተደባልቆ ዘሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበር። ሙቀቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ፣ አፈሩ እርጥብ እንጂ ጭቃ ያልሆነ። ከወር ተኩል እስከ 4 ወር ይፈጃል፤ እኩል አይበቅልም፣ አንዱ ሲበቅል ሌላው ገና ነው፤ በ2ኛው ወር ተስፋ ቆርጦ መደቡን የሚገለብጥ ሰው ግማሹን ሊበቅል ሲል ይደፋዋል።

12ኛው ጸሐፊ አመስግኖ የተረሳውን ትልቁን ነገር ጨመረ። ሊቪስቶና ሲበቅል ቅጠሉ ከዘሩ ላይ አይወጣም። ከዘሩ መጀመሪያ ሥር የሚመስል አገዳ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ከአገዳው ጫፍ አካባቢ ሥሩ ወደ ታች፣ ቅጠሉ ደግሞ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ለባሕር ዛፍና ለግራር የምንጠቀምበት 15 ሴንቲ ሜትር የችግኝ ፕላስቲክ አይበቃውም፤ አገዳው ታች ደርሶ ይጠቀለላል፣ ችግኙ ሁለት ዓመት አምሮበት ከርሞ ሜዳ ሲወጣ በነፋስ ይወድቃል። ፕላስቲኩ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከመደብ ወደ ፕላስቲክ የሚዛወረውም አንዱ ቅጠል እንደወጣ፣ ሁለተኛው ሳይከተል ነው። ዘሩ ከችግኙ ላይ ተንጠልጥሎ ቢታይ አይቀነጠስ፤ ስንቁ እዚያ ውስጥ ነው። ሲተከል ልቡ ከአፈር በላይ ይሁን፤ ብዙ ሰው ጠበቅ እንዲል ብሎ ጠልቆ ይቀብረውና ልቡ ይበሰብሳል። ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ዓመት ጣቢያ ይቆይ፤ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት የዳሱ ጥላ ቀስ በቀስ ይነሳለት። ድሬዳዋ ሐምሌ ላይ በአንድ ቀን ተተክሎ፣ ተቆጥሮ፣ ፎቶ ተነስቶለት የሚታለፍ ዓይነት ዛፍ አይደለም። የመጀመሪያውን ዓመት ለሁለት ችግኝ በሳምንት አንድ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያመላልስ ሰው ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ጥቂት ሰዎችን ነካች። 13ኛው ጸሐፊ በዘመቻ የሚተክለውን ሕዝብ ማናናቅ ነው ሲል ተቆጣ። 14ኛው ነገሩን ለማብረድ ይሁን ወይም ስላማረው፣ ስለ ሆሳዕና ጠየቀ፤ ለቀለበትና ለግንባር መስቀል የሚቆረጠው ዘንባባ ዛፉን ይገድለዋል ወይ? 15ኛው መለሰለት። ለሆሳዕና የሚመረጠው ለጋው፣ ገና ያልተዘረጋው ቅጠል ነው፤ ለመጎንጎን ስለሚመች። እሱ ግን ከልቡ ቀጥሎ ያለው ነው። ከአንድ ግንድ በዓመት አንድ ለጋ ቅጠል ቢወሰድ፣ ያውም በስለት እንጂ በመጎተት ካልሆነ፣ ዛፉ ይችለዋል፤ ከዚያው ግንድ ሦስት አራት ከተጎተተ ልቡ ይላላል። የኛው ዘንባባ ደግሞ ብዙ ግንድ ከአንድ ሥር ስለሚያወጣ ይሸከማል፤ የባንኳሌው አንድ ግንድ ብቻ ስለሆነ ይህን አይችልም። እንዲህ ከርዕስ የወጣ የመሰለው ጨዋታ ዞሮ ወደ ልቡ ተመለሰ።

16ኛው መልስ ላይ ነገሩ ተሳለ። ጸሐፊው ክር ከፋቹን ስም ሳይጠራ፣ በቅን ልቦና ከውጭ ዛፍ አምጥተን የተከልንበትን ታሪክ ረስተናል ወይ ሲል ጠየቀ። ፕሮሶፒስ ወደ አፋር የገባው በረሃን ለመከላከል ተብሎ ነው፤ ዛሬ የአዋሽን ግጦሽ ውጦታል፣ አፋሮቹም ደርጊ ሐራ፣ የደርግ ዛፍ፣ እያሉ ይጠሩታል። ሁለተኛ ደርጊ ሐራ አንፈልግም ብሎ ዘጋ። 17ኛው ንጽጽሩ ልክ አይደለም ሲል ተቃወመ። ፕሮሶፒስ ከተቆረጠበት ያቆጠቁጣል፣ ፍሬውን ከብት በልቶ በየሄደበት ይዘራዋል፤ የባንኳሌው ቡቃያ በገዛ አገሩ ከፍየል አፍ መትረፍ አቅቶት እንዴት አፋርን ይወርራል? ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ያበቃበት መንገድ ግን ጥሩ አልነበረም፦ 16ኛው ጸሐፊ ያልገባውን ነገር ማስፈራሪያ ያደርጋል የሚል ጨመረበት። 18ኛው ለሁለቱም በከፊል ፈረደ። የባንኳሌው ይወርራል የሚል ማስረጃ የለም፤ የቅርብ ዘመዱ የቻይናው ሊቪስቶና ግን ቤርሙዳ ላይ ከአትክልት ስፍራ ወጥቶ ወራሪ ሆኗል። ወገኑ ንጹሕ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ መጠየቁ ተገቢ ነው፣ ማስፈራራቱ ግን ቢቀር ይሻል ነበር።

19ኛው መልስ ለመጠባበቂያ ተከላ ከተነሱት ተቃውሞዎች ጠንካራው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የዘረመል ጥናት የዛፉ ብዝኃነት ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል። ከአንድ ምቹ ዛፍ ሥር ጆንያ ሞልቶ መምጣት ማለት ይህንኑ ጥቂት ብዝኃነት ወደ አንድ እናት ማጥበብ ነው፤ አሥር ሺህ ችግኝ ቢፈላም ሁሉም ወንድማማች ነው። መጠባበቂያ ይሁን ከተባለ ከ20 ወይም ከ30 የተለያዩ እናት ዛፎች፣ ከእያንዳንዱ ከፍሬው ከአሥር አንዱን ያህል ብቻ ይወሰድ። የእያንዳንዱ ለብቻ በጨርቅ ከረጢት ይታሰር፤ ቁጥሩ፣ ሸለቆው፣ ቀኑ ተጽፎበት ችግኙ እስከሚተከልበት ጉድጓድ ድረስ አብሮት ይሂድ። በተጨማሪ የቻይናው ሊቪስቶና በጌጥነት ከተተከለበት ግቢ አጠገብ አይተከል፤ በአትክልት ስፍራ የተቀራረቡ የዚህ ወገን ዝርያዎች ሊዳቀሉ ይችላሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚለቀመው ዘር ማንነቱ አይታወቅም። እንዲህ ያለው ዘር በስሕተት ወደ ጎዳ ቢመለስ ማዳን ሳይሆን ማጥፋት ነው።

20ኛው ስለ ድንበሩ ጻፈ። ዘሩ የጅቡቲ ሀብት ነው፤ የአገሮችን የዘረመል ሀብት በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በናጎያ ፕሮቶኮል መሠረት ያለ ባለቤቱ አገር ፈቃድ አይወጣም። ሲገባም የዕፅዋት ኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ችግኝ ወይም ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ማምጣት ፈጽሞ አይታሰብ፤ ቀይ የዘንባባ ነቀዝ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዓረብ ባሕረ ሰላጤን የቴምር እርሻ ያመሰው በአብዛኛው በተጓጓዘ ችግኝና ዛፍ ተደብቆ ነው። የነቀዙ እጭ ግንዱን ከውስጥ ስለሚበላ ከውጭ ሲታይ ዛፉ ደኅና ነው፤ ልቡ ዘመም ሲል ጊዜው አልፏል። ታጥቦ የጸዳ ዘር ብቻ ይህን ስጋት አይሸከምም።

21ኛው ጸሐፊ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። ይህ ሁሉ ሕግና ዘረመል የቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወሬ ነው፤ ዛፉ ግን እየሞተ ነው አለ። 22ኛው በዚያው ቃና መለሰ፤ ዛፉን የሚገድለው ወረቀት ሳይሆን ያለ ወረቀት የሚዘምት ነው ብሎ። ሁለቱ ለሦስት ተጨማሪ ልጥፎች ተባባሉ፤ አዲስ ነገር የሌለበት ስለሆነ እዘለዋለሁ። ለቁጥሩ ያህል 25ኛው ላይ አበቃ።

26ኛው መልስ ጭቅጭቁን ጨርሶ ሳያነሳ በቀጥታ ወደ አጥር ገባ። ለ7ኛው ጸሐፊ ነው የምመልሰው አለ፤ ንክኪ ከተባለ ንክኪን መከልከያው ምን እንደሆነ በልክ እንነጋገር። ሸለቆውን በሙሉ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ማድረግ እረኛውን ከውኃው ይለየዋልና በሳምንቱ ይፈርሳል። የሚከለለው ቡቃያ የተሰበሰበበት ቁራሽ ነው፤ 10 በ10 ሜትር ይበቃል። ቦታው የሚመረጠው የጎርፍ ምልክት ታይቶ ነው፤ ዐለቱና ግንዱ ላይ ጎርፍ ትቶት የሄደው የገለባ መስመር ይታያል፣ ከዚያ በላይ ካለው ደረጃ ላይ ይሁን። ካቡ በደረቅ ድንጋይ 1 ሜትር ከ20፣ ከሥሩ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ወደ ላይ እየጠበበ። አናቱ ላይ የግራር እሾህ ግንዱ ወደ ውስጥ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ሆኖ ይደርደር፤ በተቃራኒው ከተደረደረ ፍየል ግንዱን ጎትታ ታወርደዋለች። እሾሁ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በሁለተኛው ዓመት የሚበሉ ችግኞች የሚበሉት እሾሁን ባለማደስ ስንፍና ነው። አጥሩ ከወንዙ መስመር ጋር የግድ መገናኘት ካለበት ፊቱ ወደ ላይኛው ወራጅ ሹል ይሁን፤ ቀጥ ያለ አጥር ግንድና ገለባ ይዞ ግድብ ይሆናል፣ ሲናድም ያጠራቀመውን ሁሉ ችግኙ ላይ ይጥለዋል። ለብቻው ለበቀለ ችግኝ የሽቦ ቅርጫት ከሆነ ወርዱ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ጠባብ ከሆነ ቅጠሉ በቀዳዳው ይወጣል፣ ፍየል ቅጠሉን ስትስብ ልቡ አብሮ ይመዘዛል። በአጥሩ ውስጥ የሚያድገው ሣር የእረኛው ይሁን፤ በማጭድ ታጭዶ ይውጣለት። ያኔ አጥሩን የሚጠብቀው እሱ ራሱ ይሆናል። ዘበኛ ለመቅጠር የሚሰበሰበው ገንዘብ በዓመቱ ያልቃል፤ የደረቅ ወር ሣር ግን በየዓመቱ ይመጣል።

ክር ከፋቹ በ27ኛው ልጥፍ ተመልሶ መጣ። ይቅርታ አላለም፤ መጠባበቂያው ላይም አልተሸነፈም፣ በ19ኛው ጸሐፊ ቁጥር ልክ ይሁን አለ። ነገር ግን የክሩን ርዕስ እንትከለው ከሚለው ወደ እንከልለው ቀየረው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ከልሎ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ሥራው መሥራቱ በምን ይታወቃል? ዛፍ ቆጥሮ ነው?

28ኛው መልስ ዛፍ መቁጠር ብቻውን እንደሚያታልል አስረዳ። ዘንባባ በግንዱ ውስጥ የዕድሜ ቀለበት የለውም፤ ስለዚህ የሚቆጠረው በደረጃ ነው። አንደኛ፣ ሣር መሰል ቅጠል ብቻ ያለው። ሁለተኛ፣ ማራገቢያ ቅጠል ያወጣ ግንድ የሌለው። ሦስተኛ፣ ግንድ ያወጣ ያላበበ። አራተኛ፣ የሚያብብ። አንደኛው ደረጃ በዝናብ ዓመት በመቶ ሊቆጠር ይችላል፣ ትርጉም የለውም፤ በበጋው ይረግፋል። ሰው ማየት ያለበት ሁለተኛውን ነው፤ እዚያ የደረሰ ችግኝ ቢያንስ ጥቂት በጋዎችን ከነፍየላቸው አልፏል። ቆጠራው በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በደረቁ ወቅት መጨረሻ ይደረግ። እያንዳንዱ ችግኝ አጠገቡ ካለው ዐለት ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፍለት እንጂ ቅጠሉ ላይ ምንም አይታሰር፤ ክሩ ልቡን ያንቃል። ፎቶው ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ከፍታ ይነሳ። ከአጥሩ ውጭም እኩል ስፋት ያለው ቦታ ይቆጠር፤ ያለበለዚያ ጥሩ ዝናብ ያመጣውን ቡቃያ አጥሩ ያመጣው ነው ብለን እናወራለን።

29ኛው ጸሐፊ ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቀለሙ በጎርፍ አይታጠብም ወይ? እኔ ይህን እስከምጽፍ ድረስ የመለሰለት የለም።